የማያዎች ዓመተ ፀሐይ፦ 365.2420 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? በምንስ ለኩት?

ዘመን_ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ማያዎች የዓመቱን ርዝመት 365.2420 ቀን ብለው አስልተውት ነበር፤ ፈረንጆች ዛሬ ከሚጠቀሙበት 365.2425 እንኳ ይበልጥ ትክክል ነው» የሚል ነገር በየቪዲዮው ይዞራል፤ ማያዎች የሚባሉት በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ያሉ ጥንታዊ ሕዝብ ናቸው። ትክክለኛው ዓመተ ፀሐይ 365.2422 ቀን ስለሆነ ቁጥሩ በእርግጥ ይጠጋል። እኔን ያላሳመነኝ ግን ሁለት ነገር ነው። ሃአብ የሚሉት የዓመት አቆጣጠራቸው 18 ወር በ20 ቀን፣ መጨረሻ ላይ 5 ቀን ዋዬብ፣ ድምሩ 365 ብቻ ነው። እንደ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የሚሆንበት ነገር የለውም። ደግሞስ ያለ ቴሌስኮፕና ያለ ሰዓት፣ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ የሚያወጣ ልኬት ምን ዓይነት ልኬት ነው? ትንቢቱንና ምስጢሩን ትተን፣ የት ቆመው፣ ምን አይተው፣ እንዴት ቆጥረው እንደሆነ የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን።

ሐሳበ_ፀሐይ፦

ጥርጣሬህ ተገቢ ነው ወንድሜ። 365.2420 የሚል ቁጥር የተጻፈበት የማያ ድንጋይም ሆነ መጽሐፍ የለም። ማያዎች የዓመትን ርዝመት በክፍልፋይ አይጽፉም ነበር፤ የሚቆጥሩት ሙሉ ቀን ነው።

ቁጥሩ የጆን ቲፕል ነው። ቲፕል በሙያው የኬሚካል መሐንዲስ ነበር። በሐውልቶቹ ላይ ከቀኑ ቀጥለው የሚመጡት ምልክቶች የጨረቃን ዕድሜ እንደሚናገሩ በ1920ዎቹ ያሳየው እሱ ነው፤ ያ ሥራው ዛሬም ጸንቶ ቆሟል። በ1930 ግን ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ በኮፓንና በሌሎች የማያ ከተሞች የተቀረጹ አንዳንድ ቀኖች ሃአብ ከወቅቱ ስንት ቀን እንደራቀ ለማስላት የተመረጡ ናቸው አለ፤ የዓመቱንም ርዝመት ከእነሱ አወጣ። በ1960 ታቲያና ፕሮስኩሪያኮፍ ፒዬድራስ ኔግራስ የተባለችውን የማያ ከተማ ሐውልቶች መርምራ ቀኖቹ ነገሥታት የተወለዱባቸውና የነገሡባቸው መሆናቸውን አሳየች። የሐውልት ጽሑፍ የነገሥታት ታሪክ መሆኑ ሲታወቅ የቲፕል ሐሳብ መሠረቱ ተናደ። ቁጥሩ ግን ብቻውን ቀርቶ እስከ ዛሬ ይዞራል።

በእጃቸው የነበረው ሌላ ነው። የመጀመሪያው የማይቋረጥ የቀን ቆጠራ ነው። ቂን 1 ቀን፣ ዊናል 20፣ ቱን 360፣ ቃቱን 7,200፣ ባቅቱን 144,000 ቀን። መነሻው 4 አሃው 8 ኩምቁ የተባለው ዕለት ነው፤ በዛሬው የግሪጎርያን አቆጣጠር ወደ ኋላ ሲሰላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3114 ኦገስት 11 ላይ ይውላል። ወርም ዓመትም ሳይነካው ቀን በቀን ላይ ይደመራል። ሁለተኛው ቦታውን የማይለቅ የሰማይ ምልክት ነው። ፀሐይ በአንድ ምልክት ላይ የወጣችበት ዕለት በዚህ ቆጠራ ይመዘገባል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እዚያው ላይ ስትወጣ ዳግም ይመዘገባል፤ ትንሹ ከትልቁ ይቀነሳል። ክፍልፋይ አያስፈልግም።

ለምሳሌ 33 ዓመተ ፀሐይ 12,053 ቀን ነው ቢባል ስህተቱ ከአንድ ቀን መቶኛ አይበልጥም። በእነሱ አጻጻፍ 1.13.8.13 ይሆናል፦ 7,200፣ ሲደመር 13 ጊዜ 360፣ ሲደመር 8 ጊዜ 20፣ ሲደመር 13። 33 ሃአብ ግን 12,045 ቀን ነው፤ ስምንት ቀን ይጎድላል። 33ን እነሱ መርጠውታል ማለቴ አይደለም፤ ሙሉ ቁጥር ብቻ ተይዞ እስከ የት እንደሚደረስ ለማሳየት ነው። በጨረቃ ላይ ግን ይህንኑ መንገድ እንደተጠቀሙ ከጽሑፎቻቸው ተሰልቷል፦ ኮፓን ላይ 149 ጨረቃ 4,400 ቀን፣ ፓሌንኬ ላይ 81 ጨረቃ 2,392 ቀን። የመጀመሪያው ሲካፈል 29.5302፣ ሁለተኛው 29.5309 ይሰጣል። እውነተኛው 29.5306 ከሁለቱ መሀል ላይ ነው።

ቀያሽ፦

እህታችን ቆጠራውን አስረዳች፤ እኔ ወደ ምልክቱ ልግባ። ስህተት የሚገባው እዚያ ነውና።

አድማስ ላይ ያለው ሥራ እንዲህ ነው። ተመልካቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል። ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምትወጣበት ነጥብ ከደቡብ ጫፍ ወደ ሰሜን ጫፍ ሄዶ ይመለሳል። በጓቴማላ ፔቴን፣ ኬክሮስ 17.4 ዲግሪ አካባቢ፣ ይህ ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 49 ዲግሪ ያህል ነው። ፍጥነቱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የመውጫው ነጥብ በቀን 0.42 ዲግሪ ይሄዳል፤ የፀሐይ ክበብ ስፋት 0.53 ስለሆነ ከክበቡ ሦስት አራተኛ ማለት ነው፣ በዓይን በደንብ ይለያል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች ማለት ይቻላል። ከጫፉ ቀን አምስት ቀን በፊትና አምስት ቀን በኋላ ያለው ልዩነት 0.1 ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ «የጁንን 21 ፀሐይ በሕንጻው ጥግ ላይ አዩ፣ ዓመቱን ለኩ» የሚለው ገለጻ አይሠራም። በጫፉ ላይ ብቻ የቆመ ተመልካች በአንድ ሳምንት ይሳሳታል። የሚሠራው መንገድ ግማሽ መውሰድ ነው፦

ከጫፉ ቀን አንድ ወር ያህል ቀደም ብላ ፀሐይ የምትወጣበትን ነጥብ በድንጋይ ወይም በተራራ ጫፍ ምልክት ያዝ። በዚያ ነጥብ ላይ የወጣችበትን ዕለት መዝግብ። ጫፍ ደርሳ ተመልሳ እዚያው ላይ እስክትወጣ ቀኖቹን ቁጠር። 61 ቢሆን ግማሹ 30 ተኩል ነው፤ የጫፉ ቀን እዚያ ላይ ይውላል። በዚህ መንገድ ስህተቱ ከሳምንት ወደ አንድ ቀን ይወርዳል።

ግማሹ በትክክል መሀል ላይ አይውልም የሚል ሰው ይኖራል፤ የፀሐይ የዓመት ጉዞ ፍጥነቱ ስለሚለዋወጥ። እውነት ነው። ግን ያ ስህተት በየዓመቱ ያው ነው፤ ከዘንድሮው ቀን የአምናውን ስትቀንስ ይጠፋል። የዓመትን ርዝመት የሚያበላሸው የሚለዋወጥ ስህተት ብቻ ነው። የሚለዋወጠው ደግሞ ሦስት ነው። አንደኛው የተመልካቹ ጭንቅላት፦ ምልክቱ 50 ሜትር ርቆ ከሆነ ራስን 10 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል 0.11 ዲግሪ ያሳስታል፣ ይህም በእኩሌታው (ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት) ሰሞን የሩብ ቀን ስህተት ነው። ሁለተኛው አድማስ ላይ የሚበቅለው ዛፍ፦ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሜትር ያደገ ዛፍ አድማሱን ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ሦስተኛው ጠዋት ላይ ያለው አየር ነው፤ ብርሃንን በየቀኑ እኩል አያጎብጥም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ምልከታ አንድ ቀን ቢሳሳት፣ የከፋው ስህተት ሁለት ቀን ነው፤ ለዓመታቱ ይካፈላል። በ33 ዓመት 0.06፣ በ100 ዓመት 0.02፣ በ300 ዓመት 0.007 ቀን። 365.2420ን ከ365.2422 ለመለየት የ10,000 ዓመት መዝገብ ያስፈልጋል።

ፊደል_ወዳድ፦

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ሐሳበ_ፀሐይ «ቂን»፣ «ቃቱን»፣ «ባቅቱን» ብላ መጻፏ ልክ ነው። በላቲን ፊደል ከጎኑ ጭረት እየተደረገ የሚጻፈው የማያ ድምፅ የእኛው ቀ ነው። የአራተኛው ወር ስምም መጨረሻው የእኛው ጸ ስለሆነ «ሶጽ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ትርጉሙ የሌሊት ወፍ ነው። በፊደላችን ያለ ጭረት ይጻፋል፤ «ኪን» እያላችሁ የምትጽፉ ብታስተካክሉት ጥሩ ነው።

ዘባሕረ_ሐሳብ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእኛ ሊቃውንት የሩቡን ዕለት ነገር በኬክሮስ ይናገራሉ። እዚህ ላይ ኬክሮስ ስል ቀያሹ ያነሣው የምድር ልኬት አይደለም፤ በባሕረ ሐሳብ ኬክሮስ የዕለት ስድሳኛ ነው። 15 ኬክሮስ ሩብ ዕለት ይሆናል፤ በአራት ዓመት ተጠራቅሞ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። እኛ ክፍልፋዩን አውቀን በዓመቱ ውስጥ ቤት ሠርተንለታል። የማያ ሊቃውንት ግን አምስቱን ዋዬብ አምስት አድርገው ትተዋል፤ ዓመቱ በአራት ዓመት አንድ ቀን ከወቅቱ እየራቀ ይሄዳል። አንድ ሰው በዕድሜው 15 ቀን ሲርቅ ያያል። ይህን አለማወቅ አይቻልም። ካወቁስ ስለ ምን አላረሙትም? እርሻቸውስ አልተዛባም?

ሐሳበ_ፀሐይ፦

መሪጌታ፣ ጥያቄዎ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው።

ሃአብ ብቻውን አይሄድም። ከእሱ ጋር የ260 ቀን ቆጠራ አለ፤ ጾልቂን ይባላል፣ ከ1 እስከ 13 ያሉ ቁጥሮችና 20 የቀን ስሞች አብረው የሚዞሩበት። ሁለቱ ተያይዘው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ18,980 ቀን ነው፤ ይህም 52 ሃአብ ወይም 73 ጾልቂን ነው። 365 ለ20 ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ አዲስ ዓመት የሚውለው ከሃያው ስሞች በአራቱ ላይ ብቻ ነው። ዓመቱም በዚያ ስም ይጠራል፤ የእኛ ዘመናት በአራቱ ወንጌላውያን እንደሚጠሩ ማለት ነው። 365 ለ13 ሲካፈል ደግሞ 1 ይተርፋል፤ ስለዚህ የስሙ ቁጥር በየዓመቱ በአንድ ከፍ ይላል። አንድ ቀን ጣልቃ ብትገባ አራቱ ስሞች ይቀየራሉ፣ የ52 ዓመቱ ዙር ይፈርሳል።

ሌላም አለ። ቬነስ በ584 ቀን ዙሯን ትጨርሳለች ብለው ይዘዋል፤ 5 ጊዜ 584 ከ8 ጊዜ 365 ጋር እኩል 2,920 ነው። ድሬስደን ከተማ በሚገኘው የማያ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የቬነስ ሠንጠረዥ 65 ዙር ይሄዳል፦ 37,960 ቀን፣ 104 ሃአብ፣ 146 ጾልቂን፣ አንዱም ሳይጎድል። ይህን ስምምነት የሚሰጣቸው 365 ብቻ ነው።

ማረም ግን ያውቃሉ። የቬነስ ትክክለኛ አማካይ 583.92 ስለሆነ ሠንጠረዡ 65ቱን ዙር ሲጨርስ አምስት ቀን ያህል ይስታል። መጽሐፉ ለዚህ መላ አለው፤ በ61ኛው ዙር ላይ 4 ቀን ቀንሶ እንደገና ይጀምራል። 61 ጊዜ 584 ሲቀነስ 4 ስንት ነው? 35,620፤ ለ260 ሲካፈል 137፣ ያለ ቀሪ። አራት ቀን የተመረጠው ሠንጠረዡ እንደገና 1 አሃው በተባለው ዕለት እንዲጀምር ነው። እርማቱ እንኳ ለቀኑ ስም ይታዘዛል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሃአብን ያላረሙት ባለማወቅ ሳይሆን ስሌቱ ወቅት እንዲከተል ስላልፈለጉ ነው። ወቅቱን የሚነግራቸው ሰማዩና ዝናቡ ነበር።

መንሸራተቱ የሚዘጋውም በራሱ ነው፦ 1,508 ሃአብ 550,420 ቀን ነው፣ 1,507 ዓመተ ፀሐይም ያው 550,420 ነው። 1,508 ደግሞ 29 ጊዜ 52 መሆኑ ለሒሳብ ወዳድ ያስደስታል።

ዘመን_ጠያቂ፦

አንድ ተቃውሞ ላቅርብ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዩካታን የነበረው ጳጳስ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የማያ ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት መሆኑን፣ ከስድስቱ ሰዓትም በአራት ዓመት አንድ ቀን እንደሚያወጡ ጽፏል። ከሕዝቡ ጋር የኖረ ሰው ነው። በምን እንጥለዋለን?

ሐሳበ_ፀሐይ፦

በተቀረጸ ድንጋይ። ሁለት ማስረጃ ብቻ ልጥቀስ፤ ሒሳቡን እናንተም ወረቀት ላይ ሥሩት።

የላይደን ሰሌዳ የሚባል የጄድ ድንጋይ አለ፤ በ1864 ጓቴማላ ውስጥ ፑዌርቶ ባሪዮስ አጠገብ ተገኝቶ አሁን ሆላንድ ላይደን ነው። ቀኑ 8.14.3.1.12፣ ሃአቡ 0 ያሽቂን (ሰባተኛው ወር)። በቀን ሲዘረዘር 1,253,912፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 320። ሌላው ቶኒና ከተማ ያለው ሐውልት 101 ነው፦ 10.4.0.0.0፣ ሃአቡ 3 ዎ፣ በቀን 1,468,800፣ ዓመቱ 909። ልዩነታቸው 214,888 ቀን ነው። ለ365 ሲካፈል 588 ደርሶ 268 ይተርፋል። 0 ያሽቂን በዓመቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ወር ከፖፕ መጀመሪያ 120ኛው ቦታ ነው፤ 268 ሲጨመር 388፣ 365 ሲቀነስ 23። ወሩ 20 ቀን ስለሆነ 23 ማለት ሁለተኛው ወር፣ ሦስት፤ 3 ዎ። ድንጋዩ ላይ ያለው ይኸው ነው።

በአራት ዓመት አንድ ቀን ቢጨመር ኖሮ በእነዚህ 588 ዓመታት 147 ቀን ይገባ ነበር። የገባው ዜሮ ነው።

«ጭማሪዋ ቀን ስም ስላልነበራት በቆጠራው አትታይም» የሚሉም አሉ። ያ ደግሞ በሌላ በኩል ይወድቃል። የ260 ቀኑ ቆጠራ የማያ ብቻ አልነበረም። የሜክሲኮዎቹ አዝቴኮች ዋና ከተማቸው ቴኖችቲትላን የወደቀችበትን ኦገስት 13 ቀን 1521 «1 እባብ» ብለው መዝግበዋል። የማያው ቆጠራ ለዚያው ዕለት 1 ቺክቻን ይሰጣል፤ እሱም የእባቡ ቀን ነው። አንዱ ሕዝብ በድብቅ ቀን እየጨመረ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አይገጣጠሙም ነበር። ላንዳ የሰማው ሊቃውንቱ የሩብ ቀኑን ነገር እንደሚያውቁ ይመስለኛል፤ በራሱ የጁልያን አቆጣጠር ተርጉሞ ጻፈው።

ሰሎሜ_ዘሰማይ፦

የቺቼን ኢትዛው ፒራሚድ አልተነሣም። በአራቱም ጎን 91 ደረጃ፣ ድምሩ 364፣ ከላይ ያለው መድረክ ሲጨመር 365። ማርች ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ ማምሻውን የጥግ ጥላው በሰሜኑ ደረጃ ግድግዳ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን እየሠራ እንደ እባብ ይወርዳል፤ ከታች የድንጋይ ራስ ይጠብቀዋል። ይህ ለዓመቱ ልኬት አልዋለም?

ቀያሽ፦

ለበዓል እንጂ ለልኬት አይመችም እህቴ። የብርሃኑ ቅርጽ ከእኩሌታው ቀን በፊትም በኋላም ለብዙ ቀናት ይታያል፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ከእሱ ማንበብ አይቻልም። ለልኬት የሚሆን ምልክት በአንድ ቀን ልዩነት የሚለወጥ መሆን አለበት።

ወደ ልኬት የሚቀርበው ፍራንስ ብሎም የተባለ አጥኚ በ1924 በጓቴማላዋ የማያ ከተማ ዋሻክቱን ላይ ያስተዋለው ነው። በምዕራብ አንድ ፒራሚድ፣ በምሥራቅ ረዥም መድረክ ላይ ሦስት ትናንሽ ሕንጻዎች። ከምዕራቡ ሲታይ ፀሐይ በሁለቱ ጫፍ ሕንጻዎች አቅጣጫ በጁንና በዲሴምበር፣ በመሀለኛው ላይ ደግሞ እኩሌታ ላይ ትወጣለች። የዚህ አሠራር ብልኅነት አድማሱን ራሱን በድንጋይ መሥራቱ ነው፤ ዛፍ አያድግበትም። ድክመቱ ቅርበቱ ነው፤ ቀደም ብዬ ያልኩት የጭንቅላት ማዘንበል እዚህ ይከብዳል። ኮፓን ላይ በተቃራኒው ሐውልት 12 እና ሐውልት 10 ሸለቆውን አሻግረው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ኤፕሪል 12 ገደማ ከአንዱ ሲታይ ፀሐይ በሌላው አቅጣጫ ትጠልቃለች። በዚያ ርቀት አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ እንኳ ስህተቱ ከመቶኛ ዲግሪ አይበልጥም።

የዋሻክቱን ንድፍ በሌሎች ከተሞች ሲለካ ግን ብዙዎቹ ከጁንና ከዲሴምበር ጫፎች ጋር አይገጥሙም። በ2023 ኢቫን ሽፕራይትስ፣ ታኬሺ ኢኖማታና አንተኒ አቬኒ በአውሮፕላን የጨረር ቅኝት የተገኙ 415 ግንባታዎችን አቅጣጫ አጥንተው፣ ጎልቶ የወጣው ፌብሩዋሪ 11 እና ኦክቶበር 29 ላይ የሚወጣ ፀሐይ መሆኑን አሳይተዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቀን ቁጠሩ፤ 260 ነው። አቅጣጫው ራሱ ዓመቱን በጾልቂን ይቆርጠዋል።

ጥላ_ቆጣሪ፦

እስካሁን ሁላችሁም አድማስ ላይ ናችሁ። ማያዎች ያሉት በሐሩር ክልል ነው፤ እዚያ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ አናት ላይ ታልፋለች፣ በዚያች ቀትር የቆመ ነገር ጥላ የለውም። ኮፓን ላይ ኤፕሪል 30 እና ኦገስት 13 አካባቢ ነው፤ ቺቼን ኢትዛ ላይ ሜይ 24 እና ጁላይ 20 ገደማ። የኤፕሪሉ ዝናብ ሊጀምር ሲል ስለሚመጣ ለገበሬም ይጠቅማል።

ለዓመት ልኬት ይህ ከጁኑ ጫፍ ይሻላል፤ ፀሐይ ገና እየተንቀሳቀሰች ነውና። ኮፓን ላይ በቀን 0.3 ዲግሪ ትሄዳለች፤ በ2 ሜትር ምሰሶ ጥላው በቀን 10 ሚሊ ሜትር ይቀየራል። ቺቼን ላይ ፍጥነቱ ወደ 0.19 ይወርዳል፣ 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ።

ችግሩ የጥላው ጠርዝ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክበብ ስለሆነች የ2 ሜትር ምሰሶ ጥላ ጫፍ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ይደበዝዛል፤ ድብዝዙ ከአንድ ቀን ለውጥ ይበልጣል። ምሰሶ ማስረዘም አይረዳም፤ ሁለቱም አብረው ያድጋሉ። የሚሻለው ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀዳዳ የሚገባ ብርሃን ነው፤ የብርሃኑ ክብ ጠርዙ ቢደበዝዝም መሀሉ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይገኛል። በሾቺካልኮ ዋሻና በሞንቴ አልባን እንዲህ ያሉ ቀጥ ያሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሁለቱም የማያ ከተሞች አይደሉም፣ ከጎረቤቶቻቸው ናቸው። ብዙ ሰው ያምታታዋል።

እኛም በሐሩር ክልል ስለሆንን ይህን መሞከር ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት የምታልፈው ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው። ጣሪያ ላይ ባለ ክፍተት ላሜራ ግጠሙ፤ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበቃል። ከቀዳዳው መሀል ቱምቢ አውርዳችሁ ወለሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። በነጥቡ ላይ የምሥራቅ ምዕራብ መስመር አስምሩ፤ በኮምፓስ ግን አይደለም። ውጪ ችካል አቁማችሁ ዙሪያውን ክብ ሥሩ፤ የጥላው ጫፍ ጠዋትና ከሰዓት ክቡን የሚነካባቸውን ሁለት ነጥቦች በሲባጎ አገናኙ፤ መስመሩ እሱ ነው፣ ወደ ክፍሉ አዛውሩት። ከዚያ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ የብርሃኑ ክብ መሀል ከመስመሩ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደራቀ ለኩ። የምሥራቅ ምዕራቡን ርቀት ተዉት፤ አንድ ደቂቃ ብትዘገዩ ብቻ 9 ሚሊ ሜትር ይሸሻል።

2 ሜትር ከፍታ ላይ በሚያዝያ ለውጡ በቀን 12 ሚሊ ሜትር ነው። የነሐሴውን ደመና ይሸፍነዋል፤ ሚያዝያም ቢሆን በልግ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ አንዷን ቀን አትጠብቁ፤ ከአምስት ቀን በፊት ጀምራችሁ የተገኘውን ቀትር ሁሉ መዝግቡና ዜሮ ላይ የሚያልፍበትን ቀን ከመካከላቸው አውጡ። ቦታችሁንም ጻፉ፤ ቃሊቲና እንጦጦ ላይ የሚለኩ ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ያህል ይለያያሉ።

ዘመን_ጠያቂ፦

ኮፓን ላይ ከኦገስት 13 እስከ ኤፕሪል 30 ያለው 260 ቀን፣ ቀሪው 105 ነው። ጾልቂን ከዚህ ነው የመጣው?

ጥላ_ቆጣሪ፦

ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የሚደግፉት ሰዎች ኮፓንንና በዚያው ኬክሮስ አካባቢ ያለችውን ኢሳፓን ይጠቅሳሉ። ገና ግምት ነው። 260 ከ13 ጊዜ 20 ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ ከእርግዝና ርዝመት ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ክፍተቱ 260 የሚሆነው ደግሞ በአንድ ጠባብ የኬክሮስ ቀበቶ ላይ ብቻ ነው። ለማነጻጸር አክሱም ሚያዝያ 20 እና ነሐሴ 9 ገደማ ስለሚያልፍባት 256 እና 109 ይሆናል፤ አዲስ አበባ 226 እና 139።

ዘባሕረ_ሐሳብ፦

ቀዳዳውን የሚሠራ ሰው የሩቡን ዕለት በዓይኑ ለማየት ስንት ዓመት ይፈልጋል?

ጥላ_ቆጣሪ፦

አንድ ዓመት በቂ ነው መሪጌታ፤ ለእርግጠኝነት ግን ሦስት ይጠብቁ። በ2 ሜትር ከፍታ ሩብ ቀን 3 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ 5 ቀትር ላይ የብርሃኑ መሀል ባረፈበት ምልክት ያድርጉ። ከ365 ቀን በኋላ ፀሐይ ሩብ ቀን ስለምትዘገይ ያን ያህል ወደ ደቡብ ትሆናለች፤ ብርሃኑም በቀዳዳው ተገልብጦ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ሰሜን ይወድቃል። በዓመቱ ሌላ 3። ጳጉሜን 6 ያለፈችበት ዓመት ሲመጣ ግን 9 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይመለሳል። በሃአብ ለሚቆጥር ሰው መመለስ የለም፤ ምልክቶቹ በየዓመቱ 3 ሚሊ ሜትር እየተደረደሩ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ቀዳዳውን 4 ሜትር ከፍታ ላይ ካደረጉት ሁሉም እጥፍ ይሆናል፤ የብርሃኑ ክብ ግን ወደ 42 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ መሀሉን በሁለት ጠርዝ ለክተው ያውጡ።